ሩቅ ኳስ፦ እምነት ወይስ ድፍረት?

አንድ ወጣት ሥራውን ለቅቆ፣ የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ አዲስ ነገር ሲጀምር «በእምነት ወጣሁ» ይላል። አንዲት እህት ደግሞ የተሰጣትን ጸጋ ለዓመታት ደብቃ «የጌታን ጊዜ እየጠበቅሁ ነው» ትላለች። ሁለቱም አነጋገር መንፈሳዊ ነው። ግን እምነትን ከድፍረት፣ ትዕግሥትንስ ከፍርሃት በምን እንለያለን?

እስቲ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ልውሰዳችሁ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ለማሰብ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ያህል ነው። ቅርብ ላለው ጓደኛው ቢሰጥ ጥቂት ያርድ ያገኛል። ሩቅ ቢወረውር ብዙ ሊያገኝ፣ ወይም ኳሱ ተጠልፎ ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። ብርቱ ክንድ ያለው ወጣት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ መወርወር ስለቻለ ብቻ መወርወር ያምረዋል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በማያሚ በተደረገው ሱፐር ቦውል የካንሳስ ሲቲው ፓትሪክ ማሆምስ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ቡድኑ በሳን ፍራንሲስኮ 20 ለ 10 ይመራል፤ የቀረው ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። በዚያው ጨዋታ ሁለት ጊዜ ኳስ ተጠልፎበታል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ናቸው፤ 15 ያርድ ይቀራቸዋል። ያኔ ሩቅ ወረወረ፤ ታይሪክ ሂል ተቀበለው፤ 44 ያርድ ተገኘ። ካንሳስ ሲቲም 31 ለ 20 አሸነፈ።

«ደፈረና አሸነፈ» ብለን ብናልፍ ትምህርቱ ያመልጠናል። ማሆምስ አስቀድሞ ለዚያ ስልት የሚበቃ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ እስኪወረውር ድረስ ጓደኞቹ ከፊቱ ቆመው ተጋጣሚውን መግታት ነበረባቸውና። በ2021 ደግሞ ተጋጣሚዎች ሁለት ተከላካዮችን ከኋላ አርቀው እያቆሙ ሩቁን ኳስ ነፈጉት፤ በዚያ የውድድር ዘመን 13 ኳሶች ተጠለፉበት። ክንዱ ያው ነው፤ ሜዳው ግን ተለውጧል። በቅርቡ ኳስ መርካትን መማር ነበረበት።

መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ አንዳች አላጎደለም፤ ጌታው ግን ወቀሰው። ጌታችን ኢየሱስም በመቅደሱ ጫፍ ላይ፣ ያውም ቃሉ እየተጠቀሰለት፣ ራሱን እንዲወረውር ቢፈተን እምቢ አለ። እንግዲህ እምነት የሚለካው በርቀቱ አይደለም።

«አብርሃምስ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ አልወጣምን?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ መንገዱን አያውቅም ነበር፤ የጠራውን ግን ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት ጠይቁ። የጠራኝ ማን ነው፣ እግዚአብሔር ወይስ ጭብጨባ? ተዘጋጅቻለሁን? ኳሱ ቢጠለፍ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? በእናታችሁ ብድር የምትወረውሩ ከሆነ እናታችሁንም ልትጠይቁ ይገባል። ዝም ላላችሁትም ጥያቄ አለ፦ የምትጠብቁት የእግዚአብሔርን ድምፅ ነው ወይስ ምንም የማያስከፍል ቀን?

ደግሞም ውጤቱ ብቻውን አይፍረድ። በጸሎትና በምክር የተመዘነ ነገር ሊከሽፍ፣ በችኮላ የተደረገውም ሊሳካ ይችላል። ስለ ተሳካ ብቻ «ከእግዚአብሔር ነበር» አትበሉ፤ የወደቀውንም ወንድማችሁን «እምነት ጎደለው» አትበሉት። ውሳኔያችን ታማኝ ይሁን፤ ፍጻሜው የጌታ ነው።