ስለ ጸጋና ስለ ደመወዝ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተወለደው የቤዝቦል ተጫዋች ኋን ሶቶ ኒው ዮርክ ሜትስ ከተባለው ክለብ ጋር ለ15 ዓመት የሚጸና የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል በተፈራረመ ጊዜ ዕድሜው ገና 26 ነበረ። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 10 ዓመት ሊጫወት በ700 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ፣ ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የጨዋታው ዘመን ካበቃ በኋላ፣ ከ2034 እስከ 2043 ባሉት ዓመታት እንዲከፈለው ፈቅዶ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ፣ ኳስ በዱላ ለመምታት ይህን ያህል የሚከፈል ከሆነ ድውይ ለሚፈውስ፣ ሕፃን ለሚያስተምርና እህል ለሚያመርት ምን ሊከፈል ይገባ ኖሯል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከቅንዓት የመነጨ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የፍትሕ ጥያቄ ነውና በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ።

ከገንዘቡ ብዛት አስቀድሞም ገንዘቡ ከምን እንደ ተወለደ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ቤዝቦል ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በጸናው ሥርዓት፣ አንድ ተጫዋች ለአንድ ክለብ ከፈረመ ወዲያ፣ የውሉ ዘመን ቢፈጸም እንኳ፣ ክለቡ ካልሸጠው ወይም ካላሰናበተው በቀር ወደ ሌላ ሊሄድ አይችልም ነበር። በ1969 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ክለብ ከርት ፍለድን ፈቃዱን ሳይጠይቅ ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሲሰጠው፣ በዓመት 90,000 ዶላር ይቀበል የነበረው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት አለመሆኑን ለቤዝቦሉ የበላይ ኃላፊ በደብዳቤ አስታውቆ አልሄድም አለ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተፈረደበት፤ የተጫዋችነት ዘመኑም ያለ ጊዜው አለፈ። በ1975 ግን ፒተር ሳይትዝ የተባለ የግልግል ዳኛ ለሌሎች ሁለት ተጫዋቾች፣ ለአንዲ መሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ፣ ነፃነት ፈረደላቸው፤ የዛሬው ብዙ መቶ ሚሊዮን የዚያ ፍርድ ፍሬ ነው። ፍለድ ሌሎች ያጨዱትን የዘራ ሰው ነውና ክብር ይገባዋል። በደመወዙ ብዛት የሚያዝን ሰውም፣ ገንዘቡ ለተጫዋቹ ባይደርስ ኖሮ በክለቡ ባለቤት ሣጥን ይቀር ነበር እንጂ ለድኻ ይደርስ እንዳልነበረ ልብ ይበል።

ይሁን እንጂ ነፃነት የመቀበልን መብት ይሰጣል እንጂ የሚገባን ምን ያህል እንደ ሆነ አያስተምርም። የሐርቫርዱ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ሚሊዮን ተመልካች ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዊልት ቻምበርሌን ሲል እያንዳንዱ 25 ሳንቲም በፈቃዱ ቢሰጥና ሰውየው 250,000 ዶላር ቢያገኝ፣ ማን ተበደለ ሊባል ይችላል ብሎ ይሞግታል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ሮልስ ደግሞ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማንም ሰው ይዞት የተወለደውን ችሎታ በሥራው ያገኘው እንዳይደለ ጽፎ ነበር። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ማንም አልተዘረፈም፤ ችሎታውም በተጫዋቹ ድካም የተፈጠረ አይደለም። ነገር ግን በድካም ያልተገኘ፣ ከሌላም ያልተሰረቀ ነገር ስጦታ ነው፤ ስጦታም ሰጪ አለው፤ ሰጪውም ስለ ሰጠው መክሊት ተቀባዩን ይተሳሰበዋል። ፈላስፎቹ በር ላይ ደርሰው የቆሙት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ደመወዝ በተነሣ ቁጥር የወንጌሉ የወይን አትክልት ባለቤት ምሳሌ ይጠቀሳል፤ የቀኑን ሙቀት ተሸክሞ የዋለውም አንድ ሰዓት ብቻ የሠራውም አንድ ዲናር ተቀበሉ፤ ያጉረመረሙትም ተገሠጹ። ይህን ጠቅሶ የሶቶን ደመወዝ የሚያጸድቅ ሰው ግን ምሳሌውን ያለ ቦታው ያውለዋል፤ ባለቤቱ የሰጠው ከገዛ ገንዘቡ፣ ከቸርነቱ ነውና። የሜትስ ባለቤት ስቲቭ ኮኸን ምንም ባለጸጋ ቢሆን፣ ይህ የጨዋታ ንግድ የሚኖረው ትኬት በሚገዛው፣ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ በሚያመሸውና ማስታወቂያ በሚመለከተው ሕዝብ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በሮም የነበረው ሠረገላ ነጂ ዲዮክሌስ በድል ያገኘው ሽልማት 35,863,120 ሰስተርስ መድረሱ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የምትቀድስበት ዮሐንስ አፈወርቅም በ399 በቁስጥንጥንያ፣ በዕለተ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ስለ ሮጡት በመረረ ኀዘን ሲሰብክ፣ ወቀሳውን ያቀናው ወደ ተመልካቾቹ፣ ወደ ገዛ ምእመናኑ ነበረ።

እኔ ጨዋታን የማወግዝ ሰው አይደለሁም፤ በፍጹም ጥበብ የሚንቀሳቀስ አካል ማየት የፈጣሪን ሥራ ማድነቅ ነው ብዬ አምናለሁና። ውሉም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሶቶ በተቀበለው መክሊት ምን እንዳደረገበት የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ ያነሰው ግን ሶቶ ወስዶበት ሳይሆን፣ ለጨዋታው ሳንጠየቅ የምንሰጠውን ጊዜና ገንዘብ እኛ ተለምነንም ለመምህሩ ስለ ነፈግነው ነው።