የመጨረሻው እግር

በአገራችን በረዶ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ነው። ዳዊት በ50ኛው መዝሙር ንጽሕናን ሲለምን በምሳሌ ያነሣው ግን ሌላው፣ አመዳይ የምንለው፣ 2,814 ሜትር ከፍታ እንዳለው እንደ አርሞንኤም ባሉ ተራሮች ላይ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው።

የዚህ በረዶ ቅንጣት ለብቻው ቢታይ ነጭ አይደለም፤ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ነጭ የሚመስለው ብዙ ቅንጣቶች ተከማችተው ብርሃኑን ሲመላልሱት ነው። አዲስ የወረደው ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 እስከ 90 የሚሆነውን ይመልሳል። ዓይን ያጭበረብራል፤ ከሥሩ ያለውንም አያሳይም።

በረዶው በተራራ ላይ የሚከመረው እየተነባበረ ነው። ከታች መሬቱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ ከላይ ብርዱ ሲበረታ ግን እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይሳባል። በዚህም የታችኛው ንብብር ቅንጣቶች እርስ በርስ መያያዛቸውን ትተው እንደ ስኳር ይላላሉ። ሌላ በረዶ ይከመርበታል፤ ከላይ ሲያዩት ያው ነጭ ነው። ከዚያ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቦታ አንድ ሰው እግሩን ሲያሳርፍ የላላው ንብብር ይከዳል፤ በላዩ ያለውም ሁሉ ይናዳል።

ጥፋቱ የማን ነው? የእግሩ እንበልን?

ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ስለ መዝሙር ልምምድ ሰዓት በተነገረችው አንዲት ቃል አዝኖ ከማኅበሩ ቀረ። ሁላችንም በተናገረችው እኅታችን ላይ ፈረድን። እርስዋም ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። በኋላ ስንነጋገር ታሞ ሳለ ማንም እንዳልጠየቀው፣ በአሮጌ ጫማው እንደተቀለደበት፣ አንድ ቀንም ሳንነግረው ዝክር እንደሄድን አስታወስን። ይህን ሁሉ ያደረግነው እርስዋ ሳትሆን እኛ ነን።

እግሩ ግን ፈጽሞ ንጹሕ ነው ለማለት አንደፍርም። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከመራመዳቸው በፊት በረዶውን እስከ ሥሩ ቆፍረው ንብብሩን ይመረምራሉ። እኅታችን አልመረመረችም፤ ድርሻ አላት። ነገር ግን የክረምቱን በረዶ ሁሉ በእርስዋ እግር ላይ መጫን ለእኛ የቀለለ ፍርድ ነበር።

እርስዋን ዘግይተንም ቢሆን ይቅርታ ጠይቀናታል። ወደ ወንድማችን ቤት ግን እስከ ዛሬ አልሄድንም።