ለንጉሥ የሚታመን ካህን ማን ነው?

የሃይማኖት አባቶች ወደ አገር ገዥዎች መቅረባቸው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዳንዶች ካህን የቤተ መንግሥትን ደጅ ከረገጠ ክህነቱ ጎደፈ ይላሉ። ሌሎችም መሪን የማይመክር አባት መንጋውን ለተኩላ እንደ ተወ እረኛ ነው ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን በቅዱስ መጽሐፍና በታሪክ ስንመረምረው፥ ፍርዱ በመቅረብና በመራቅ ላይ እንዳልቆመ እናገኛለን። የሚመረመረው ካህኑ ወደ ገዥው ሲገባ ምን ይዞ እንደ ገባ፥ ሲወጣም ምን ይዞ እንደ ወጣ ነው።

ነቢዩ ናታን በዳዊት ቤት እንግዳ አልነበረም። ንጉሡ ቤተ መቅደስ ለመሥራት ያሰበውን ሐሳብ የገለጠው ለእርሱ ነው። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን ባስገደለ ጊዜ ግን፥ ናታን በዚያው በተከፈተለት ደጅ ገብቶ በአንዲት በግ ምሳሌ ኀጢአቱን ገለጠለት። በአክዓብ ዘመን ደግሞ 400 ያህል ነቢያት በአንድ ቃል ሆነው ንጉሡ ሊሰማ የሚወደውን ነገሩት። እውነቱን የተናገረው ሚክያስ ጕንጩን ተመትቶ ወደ ግዞት ቤት ተላከ። አክዓብም የብዙዎቹን ቃል አምኖ ወደ ጦርነት ወጣ፤ በሕይወትም አልተመለሰም። እንግዲህ አክዓብን የጎዳው የጠላት ፍላጻ ብቻ አይደለም፤ የወዳጆቹም ምርቃት ነው።

ይህንኑ የሚያስረዱ ሁለት ሰዎች ከሩሲያ ታሪክ እንጥቀስ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የሶሎቭኪ ገዳም አበምኔት የነበረው ፊልጶስ ነው። በ1566 ዓ.ም. ንጉሡ ኢቫን አራተኛ ራሱ ጠርቶ የሞስኮ ሊቀ ጳጳስ እንዲሆን አደረገው። በዚያ ወራት ንጉሡ ኦፕሪችኒና የተባለ፥ ለእርሱ ብቻ የሚታዘዝ ኃይል አቁሞ ሕዝቡን በመግደልና ርስቱን በመውረስ ያስጨንቅ ነበር። ፊልጶስ ይህ እንዲቀር አስቀድሞ ንጉሡን መከረው። ምክሩ ባልተሰማ ጊዜ በ1568 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፥ በካቴድራሉ ውስጥ በሕዝብ ፊት ቡራኬውን ከለከለው። በዚያው ዓመት ልብሰ ክህነቱን ገፍፈው አሰሩት፤ በ1569 ዓ.ም. በግዞት በነበረበት ገዳም በንጉሡ ሰው እጅ ታንቆ ሞተ። ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1652 ዓ.ም.፥ ንጉሡ አሌክሲስ ዐፅሙን ወደ ሞስኮ ሲያስመጣ ስለ ቀደመው ንጉሥ በደል ይቅርታ የሚለምን ደብዳቤ ወደ መቃብሩ ላከ።

ሁለተኛው ራስፑቲን ነው። ይህ ሰው ክህነትም ምንኵስናም ያልነበረው የሳይቤሪያ ገበሬ ሲሆን፥ በ1905 ዓ.ም. ከንጉሡ ከኒቆላዎስ ሁለተኛ ጋር ተዋወቀ። አልጋ ወራሹ ደም የማይረጋበት ሕመም ስለ ነበረበት፥ እናቱ እቴጌ አሌክሳንድራ የዚህ ሰው ጸሎት ልጇን እንደሚያድነው አመነች። የእናት ጭንቀት የሚነቀፍ አይደለም፤ ጥፋቱ ያ ጭንቀት የሹመት መግቢያ በር በሆነ ጊዜ መጣ። ሹመት ፈላጊዎች በእርሱ ቤት ደጅ ይጠኑ ጀመር። የተቃወመው የዋና ከተማው ሊቀ ጳጳስ ቭላዲሚር በ1915 ዓ.ም. ወደ ኪየቭ ተዛወረ። ራስፑቲን በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ተገደለ፤ ንጉሡም በ1917 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወረደ። ለመንግሥቱ መውደቅ ጦርነትና ችግር ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ዙፋኑን በሕዝብ ዘንድ ካስናቁት ነገሮች አንዱ ይህ ወዳጅነት ነበረ።

ሁለቱንም ያቀረቧቸው ነገሥታቱ ናቸው። ፊልጶስ የተበደሉትን እንባ ይዞ ገባ፥ ሰንሰለት ተሸክሞ ወጣ። ራስፑቲን ግን የሚፈልጉትን ተስፋ ይዞ ገባ፥ ሥልጣን ጨብጦ ወጣ። ለዙፋኑ የታመነው የትኛው እንደ ሆነ ፍጻሜው ይመሰክራል።

ምናልባት አንድ አባት፥ ዛሬ ብናገር ደጁ ይዘጋብኛል፥ ነገ ለድኃው ማን ይማልድለታል? ይል ይሆናል። ይህ ቀላል አሳብ አይደለም፤ ብዙ ደጋግ ሰዎችን ዝም ያሰኘው እርሱ ነው። ነገር ግን ነገም ሌላ ነገ አለው። ለድኃው ሲባል የተጠበቀ ደጅ፥ ስለ ድኃው አንድ ቀን እንኳ ካልተነገረበት፥ የተጠበቀው ለጠባቂው ክብር ነው። ይህን ስንል መሪን በዐደባባይ መዝለፍ መንፈሳዊ ጀግንነት ነው ማለታችን አይደለም። ፊልጶስ አስቀድሞ መከረ፤ ቡራኬውን የከለከለው በኋላ ነው።

በአገራችንም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የፋሺስቱን ወራሪ እንዲያወግዙ እንጂ እንዲባርኩ ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውም፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት ዐረፉ። ቡራኬ የካህኑ የግል ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ ለወዳጅነት ሊሰጠው፥ በፍርሃትም ሊሸጠው አይችልም።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ መሪም ነፍስ አለውና የንስሐ አባት ያስፈልገዋል፤ ብትጠሩ ሂዱ፥ ነገር ግን የናታንን ምሳሌ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሥልጣኖችም ሁልጊዜ የሚያመሰግናቸውን አባት ይጠርጥሩት። ምእመናንም አባቶቻቸው እውነትን በተናገሩ ቀን ብቻቸውን አይተዉአቸው። አምላካችን ለሚናገሩት ጥብዓትን፥ ለሚሰሙት ትሕትናን ያድልልን። አሜን።