ከላይ የደረቀ፣ ከሥር የረጠበ

ወረታ ገበያ ሩዝ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይከፍልም። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከሥር ያለውን ይዘግናል። ከላይ ደርቆ ከሥር የረጠበ እህል እንዳለ ያውቃልና። መኪና የሚገዛ ወይም በሰው መኪና የሚሳፈር ሰውስ እጁን ወዴት ይስደድ?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የወረታ ወጣት አሮጌ ዲኤክስ ቶዮታ ኮሮላ አለው እንበል። አዲስ አበባ እንዳያቸው መኪኖች ዝቅ እንድትልለት ተመኘ። ለዚሁ የተሠራ አጭር ሞላ ከነአሞርዛተሩ መግዛት ውድ ሆነበት። ስለዚህ ግቢው ውስጥ በክሪክ አነሣትና የራሷን ሞላ በግራይንደር ቆረጠ፤ ቀለምም ቀባው። መኪናዋ አማረች። ገንዘቡም መኪናዋም የራሱ ናቸው። ታዲያ ማን ምን አገባው?

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሞላ ሲያጥር ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ይጠብባል። አሞርዛተሩ ደግሞ የተሠራው ለቀድሞው ቁመት ነው። ባዶዋን ደህና የምትሄደው መኪና አራት ሰው ተጭኖባት ጉድጓድ ሲገጥማት ከሥር ትመታለች፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። ጎማው ሲንጠለጠልም የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ሊወልቅ ይችላል። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃ የሚተኛበት አገር ነው። ወደ ቁሐር ሚካኤል ዘመድ ሊጠይቅ የሚወጣ ሰው የመኪናን ከፍታ ጥቅም ያውቃል።

መኪናን ማስዋብ ነውር ነው አንልም። ተስማሚውን ዕቃ ገዝቶ፣ ሞላውን በመጭመቂያ ይዞ፣ ክሪክን ብቻ ሳያምን መኪናዋን በጠንካራ ድጋፍ አቁሞ፣ በመጨረሻም አላይመንት አስተካክሎ የሚሠራ አለ። በዚያች መኪና ላይ ግን ሁለት ባለመብቶች አሉ፤ ተሳፋሪውና የነገው ገዢ። አንዱ ነፍሱን፣ ሌላው ገንዘቡን አማና ይሰጣል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት ተዘግቧል። ልብ በሉ! ዝናቡን ሻጩ አላመጣውም። የተወቀሰው በመሸፈኑ ነው። ሞላውን በገዛ እጁ ቆርጦ ቀለም የቀባውማ ምን ይመልስ ይሆን?

እናንተ ወላጆች! ልጃችሁን ከመኪና ሥር ተኝቶ ስታገኙት «አማረች» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ነገ ስትሸጣት ይህን ለገዢው ትነግረዋለህ? ዛሬስ እናትህን ስታሳፍራት ትነግራታለህ?» አንደበቱ ከተያዘ ሞላውን ዛሬውኑ ይቀይር። አላህ ከላያችንና ከውስጣችን አንድ የሆንን ያድርገን።