የብርጭቆው ዕዳ

ባለፈው ክረምት ሁለት ሆነን በአንድ ገበያው የደራ መጠጥ ቤት በዕቃ አጣቢነት ተቀጥረን ነበር። የቤቱን ስም አንጠራም። ይህን የምንጽፈው ጀብዱ ለማውራት አይደለም፤ ዕቃ ማጠብ ደግሞ ምን ጀብዱ አለው! ከዚያ ጓዳ ይዘነው የወጣነው ጥያቄ እስካሁን ስላልለቀቀን ነው፤ ማንም የማያየው ሰው፣ ማንም ለማያየው ሥራው ተጠያቂነቱ ለማን ነው?

እስቲ በቅድሚያ ሥራውን እንይ። ሦስት ሳፋ ተደርድሯል። በመጀመሪያው በላርጎ ይታሻል፣ በሁለተኛው ይለቀለቃል፣ በሦስተኛው ይጠራል። ውኃው ሲደፈርስ መለወጥ ነው፤ ግን ቅዳሜ ማታ ለመለወጥ ጊዜ የለም፤ አንዳንዴም ውኃው ራሱ የለም። የጥብስ ሸክላው፣ የክትፎው ጣባ፣ ትሪው፣ ሹካው ይከመራል፤ አስተናጋጁ ደግሞ በመስኮቱ «ጃምቦ! ጃምቦ አለቀ!» እያለ ይጮኻል። በሁለተኛው ቀን ጣታችን ተሸበሸበ፤ በሦስተኛው ተላጠ።

ሥራውን ያስተማሩን ከእኛ በፊት ብዙ ዓመት እዚያ የቆዩ ሴት ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ስለ ስፖንጅ ነበር። የክትፎው ስፖንጅ ብርጭቆ አይነካም። ቅቤ የነካው ብርጭቆ ድራፍት ሲቀዳበት አረፋውን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ስብ የአረፋ ጠላት ነው። ጠጪው ግን ይህን የት ያውቃል? «ቢራው ሞቷል» ብሎ ይመልሳል። «ብርጭቆ የሰው አፍ ይነካል፣ ልጆቼ» አሉን እትዬ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጡንም።

በፍልስፍና ክፍል የተማርነው አንድ ታሪክ ትዝ አለን። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ሲያዞረው የሚሰውር ቀለበት ስላገኘ የልድያ እረኛ ግላውኮንን ያስተርከዋል። የማይታይ ሰው ጻድቅ ሆኖ ይኖራል ወይ ነው ጥያቄው። እረኛው ንግሥቲቱን አባብሎ ንጉሡን ገደለ። ዕቃ አጣቢ ግን ቀለበቱን አልፈለገውም፤ ከሽርጡ ጋር አብረው ያስሩለታል። ንጉሥ መግደል ባይችልም ብርጭቆ ሳያጥብ አጠብኩ ማለት ይችላል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ውኃ ሄደ። በተረፈችው ግማሽ በርሜል ተሯሯጥን፤ በዚያ ግርግር የክትፎው ስፖንጅ ወደ ብርጭቆው ሳፋ ገባ። ከሁለታችን የማንኛችን እጅ እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ምናልባትም ማወቅ አልፈለግንም። ብዙም ሳይቆይ ስድስት ጃምቦ ተመለሰ። ኃላፊው መጥቶ አንዱን ብርጭቆ ወደ መብራት አንሥቶ አየና እትዬን ሰደባቸው፤ የስድስቱንም ሒሳብ በስማቸው ጻፈው። እኛ አጠገባቸው ቆመናል። ዝም አልን።

ለምን ዝም አልን? ምክንያት አላጣንም። በሙከራ ላይ ነበርን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ቀላል ነው። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እኛ እኮ መስከረም ሲጠባ ወደ ማደሪያችን የምንመለስ ሰዎች ነን። ያንን ሥራ ማጣት የማይችሉት እሳቸው ነበሩ። የፈራው ግን ብዙ የሚያጣው ሳይሆን ጥቂት የሚያጣው ሆነ።

አንድ ጓደኛችን ይህን ስናጫውተው፣ «በዚያ ደመወዝ ላይ ደግሞ ንጹሕ ብርጭቆ! ለባለቤቱ ትርፍ ነው የምትጨነቁት?» አለን። ነገሩ ባዶ አይደለም። በፓሪስ ሆቴል ዕቃ ያጠበው ጆርጅ ኦርዌልም እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለይስሙላ ድሎት የሚፈስ ከንቱ ድካም ነው የሚል ክርክር አቅርቧል። ይሁን። ግን የእኛን ቅባት የከፈለው ባለቤቱ ነውን? ስድስት ጠጪዎች፣ የተሰደበ አስተናጋጅና እትዬ ናቸው። በባለቤት ላይ የታሰበ ልግመት ወደ ጎን እየፈሰሰ የመሰሎቻችንን እግር ያረጥባል።

ሌላም ነገር አለ። ይህን ጽሑፍ «እኛ» እያልን ነው የምንጽፈው፤ የመጽሔታችን ልማድ ነው። ግን «እኛ» ራሱ ያ ቀለበት ሳይሆን ይቀራል? ሁለት ሆነን ያጠፋነውን ጥፋት አንዳችንም ለብቻው አልተሸከመውም። ስለ ፕላቶ ለመናገር ሁለታችንም አፍ ነበረን፤ በዚያች ማታ ግን እያንዳንዳችን ሌላው እስኪናገር ጠበቅን።

ሰኞ ወደ ኃላፊው ሄደን ነገርነው። «ሒሳቡ ተዘግቷል» አለን፣ ቀና ብሎም አላየን። ገንዘቡን አዋጥተን ለእትዬ ይዘን ሄድን። እጃቸው ሳፋው ውስጥ ነበር። ገንዘቡን አዩት፣ እኛንም አዩን።

«ቅዳሜ ነበር እሱ» አሉ። «አሁን ሽቦዋን አቀብሉኝ፤ ሸክላው አርሯል።»