ሕፃኑ ሲያነብ ማን ያዳምጠው?



ለመሆኑ ልጅን ፊደል ማስቆጠር ለዕቃ የሚተው ሥራ ነውን? ጥያቄው ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቶ የመጫወቻ ሱቆቹን የተመለከተ ሰው ጥያቄው በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ቁልፉን ሲጫኑት «ኤ፣ አፕል» የሚል የላስቲክ ኮምፒውተር አለ። አሊፍ፣ ባ፣ ታን እያዜመ አጫጭር ሱራዎችን የሚያሰማ አለ። መስመሩን ሲነኩት የሚቀራ የቁርኣን ብዕርም አለ። ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ ይገዛል። ለምን እንደሚገዛም ይገባኛል።

ይገባኛል የምለው ችግሩ እውነተኛ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ችሎታ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንዲት ቃል! እንግዲህ በትምህርት ቤቱ ተስፋ የቆረጠ አባት ከሱቅ ተስፋ ቢገዛ ማን ይፈርድበታል?

ዕቃው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቃላትን እየተናገረ ሆሄያቸውን የሚያስጠና መጫወቻ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። ስለ ጉዳዩ በዓለም ብዙ ከተወራላቸው ሙከራዎች አንዱ የተደረገው ግን እዚሁ እኛ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በየመንደሩ ሃያ ያህል ለሚሆኑ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀመጠላቸው። አስተማሪ የለም፤ መመሪያ የለም። ለአዋቂዎቹ የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ጀመር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የገበሬ ልጅ አእምሮ የሚያንሰው ነገር እንደሌለ ለማያምኑ ጥሩ መልስ ነውና። ግን ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ልጆቹ በቤታቸው በማይነገር ቋንቋ ፊደል ዘመሩ። መዘመር ማንበብ ነውን?

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢሆንስ ለሚል፣ የታንዛኒያው ሙከራ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 በታንጋ ክልል በ170 መንደሮች ወደ 3,000 ለሚጠጉ ልጆች በስዋሂሊ የሚያስተምሩ ታብሌቶች ተሰጥተው ለ15 ወራት ታዩ። ሲጀመር ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ሲያበቃ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አስተማሪ ለሌለው ልጅ ደግሞ በጣም ትልቅ ነው። ያው ስሌት ግን ግማሾቹ ከዕቃው ጋር አሥራ አምስት ወር ተቀምጠው አንዲት ቃል አለማንበባቸውንም ይናገራል።

ለመጫወቻው የሚገባውን እንስጠው። አይቆጣም፣ አይማታም። በአለንጋ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ይህን ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው አንችልም። በቁርኣን ቤትም ሆነ በቄስ ትምህርት ቤት በዱላ ምክንያት ከትምህርት የሸሸውን ልጅ ቁጥር አላህ ነው የሚያውቀው። ዕቃው ያንኑ ፊደል አንድ ሺህ ጊዜ ቢጠየቅ አንድ ሺህ ጊዜ በዚያው ድምፅ ይመልሳል። ነገር ግን ይህን ትዕግሥት ብለን መጥራታችን ልክ ነው ወይ? ሶብር ያለው መቆጣት የሚችል፣ ግን ቁጣውን የዋጠ ሰው ነው። ዕቃው የሚውጠው ነገር የለውም። ሲደክማት ያልተማታች አስተማሪ ግን ለልጁ ከፊደሉ ጋር ሌላም ነገር እየሰጠችው ነው። ልጁም የሰጠችውን ያውቀዋል።

ጎረቤቴ ያለ አንድ የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መጫወቻ አለው። አንድ ቀን ከአያቱ ጋር ተቀምጠን አየሁት። ቁልፉን ይጫናል፤ ዕቃው ያጨበጭብለታል። በተጨበጨበለት ቁጥር ልጁ ቀና ብሎ የሚያየው አያቱን ነው። ጭብጨባው አልበቃውም፤ ሰው መስማቱን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ሥዕሎቹን በእጄ ሸፍኜ ፊደሉን ብቻ ሳሳየው ግን ዝም አለ። ለካ ሲጫን የኖረው ፖሙን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይጠይቁት» ብላቸው፣ «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ምን አውቄ ልጠይቀው ልጄ፤ ይኸው ዕቃው ያውቅ የለ» አሉኝ።

ይህ ንግግር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው አፍ ያስፈቱት እሳቸው ናቸው። አሁን የላስቲክ ዕቃ መጣና ከዚህ ወዲያ አያገባኝም ብለው ተቀመጡ። እኔን የሚያስፈራኝ ዕቃው ማስተማሩ ሳይሆን የቤቱን ሰዎች ከትምህርቱ ማስወጣቱ ነው።

ጎጃም የትምህርት አገር ነው። የጎረቤቶቻችን ዲማና ዋሸራ በየትም የታወቁ ናቸው። የቀድሞዎቹ የንባብ መምህራን አንድ ብልሃት ነበራቸው። ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን እንደ ዘፈን ይዞ ወደ ታች ሲያንበለብለው ያወቀ ይመስላል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዜማው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ራሱ ይጎትተዋል። ስለዚህ መምህሩ አቡጊዳን አመጣበት፦ አ ቡ ጊ ዳ እያለ ተራውን አፈረሰበት። በስንጥር እያመለከተም ከመሐል ይጠይቀዋል። በኛም ቁርኣን ቤት ኡስታዙ ደረሳው ትናንት የቀራውን ከሉሑ ላይ ከመካከል ጀምር ይለዋል። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ የሚጠይቀው መምህሩ፣ የሚያሰማው ልጁ ነው። በመጫወቻው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልጁ ይጠይቃል፣ ዕቃው ያሰማል።

በዲናችን ውስጥ ማዳመጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በየረመዳኑ እየመጣ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ቁርኣንን ይደጋገሙ እንደነበር፣ በመጨረሻው ዓመትም ይህ ሁለት ጊዜ እንደሆነ ተዘግቧል። ቁርኣን የወረደላቸው ነቢይ ኢብን መስዑድን ቅራልኝ ብለው አዳምጠዋል፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማት እንደሚወዱም ነግረውታል። አዳማጩ የሚያዳምጠው ስላላወቀ አልነበረም።

አንዳንድ ወጣቶች፣ «አሁን እኮ የሚያዳምጥም አለ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ልጅ ሲያነብ ሰምቶ የሳተውን ቃል የሚያርም የስልክ ፕሮግራም በእንግሊዝኛና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል። በአማርኛም በደንብ ይሠራ፤ እኔ አልቃወምም። ስሕተት መያዝ ማዳመጥ ከሆነ ዕቃው ያዳምጣል። ልጁ ትናንት «ቀ»ን እንደ «ከ» ሲጠራት ቆይቶ ዛሬ ሲቃናለት በሰው ፊት ላይ የሚያየውን ደስታ ግን ከዕቃው አያገኘውም። ያቺ ደስታ ለልጁ ሐቁ ናት እላለሁ። ሐቅ ከሆነች ደግሞ ባለ ዕዳዎቹ እኛ ነን፤ ወኪል ገዝተን የምንከፍላት ዕዳ አይደለችም።

ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አያት ይህን ዕዳ መክፈል ይችላሉ ወይ? ይችላሉ እንጂ! እንዲያውም ዕቃው ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እማማ ፊደሉን ባያውቁትም ዕቃው ያውቀዋል፤ እሳቸው ደግሞ ልጁን ያውቁታል። ዕቃውን በጭናቸው ይዘው፣ ልጁ ፊደሉን ከተናገረ በኋላ ብቻ ቁልፉን ቢጫኑት ማን ትክክል እንደሆነ አብረው ይሰማሉ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂዋ አያት ናቸው። ማን ያውቃል፣ በዓመቱ ሁለቱም ያነቡ ይሆናል።

ነገሩ በእኛ ሰፈር ወግ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ልጆቻቸውን ወደ አንድ ቁርኣን ቤት የሚልኩ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተን ነበር፤ ግማሹ ታብሌት ይገዛበት ይላል፣ ግማሹ ለሁለተኛ ኡስታዝ ደመወዝ ይሁን ይላል። የታብሌቱ ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ሰማንያ ልጅ ፊት የተቀመጠ አንድ ኡስታዝ ስንቱን ሊያዳምጥ ይችላል ይላሉ። ዕቃው አንዴ ይገዛል፣ ደመወዝ ግን በየወሩ ነው ይላሉ። እኔ የበድርን ምርኮኞች አነሣሁ። የሚከፍሉት ያልነበራቸው፣ ግን መጻፍ የሚያውቁት፣ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ እንደወጡ በሲራ ተዘግቧል። የአንድ ሰው ነፃነት ለአሥር ልጆች መማር ዋጋ ሆኖ የተቆረጠበት ታሪክ ያለን ሰዎች የአስተማሪ ደመወዝ በዛ ስንል ትንሽ ሊከብደን ይገባል።

ድምፄን የሰጠሁት ለኡስታዙ ነው። ከተረፈው ገንዘብ ሦስት ታብሌት እንዲገዛ፣ በእያንዳንዱ ዙሪያም አራት ልጆችና አንድ ከፍ ያለ ደረሳ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀረብኩ። ደረሳው ዕቃውን እንዲነካ ሳይሆን ልጆቹን እንዲሰማ። ስብሰባው ሳይቋጭ መግሪብ ደረሰብንና ለሚመጣው ጁሙዓ ቀጠርነው።