የአባት ድካም ለልጅ ይበቃልን?

ብዙ አባቶች «እኔን ያገኘኝ ችግር ልጄን አያግኘው» ይላሉ። ምኞቱ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይኸውም አባት በድካም ያገኘው ብስለት፣ ልጁ ሳይደክም ሊተላለፍለት ይችላልን? የሚል ነው። ይህን ለመመርመር የስንዴን ጠባይ መመልከት ይጠቅማል።

በሰሜን አውሮፓና በሩስያ ክረምት ማለት እንደ እኛ አገር የዝናም ወራት ሳይሆን የበረዶ ወራት ነው። በዚያ በመጸው ተዘርቶ፣ በበረዶ ሥር ከርሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሙቀቱ ወራት የሚታጨድ የስንዴ ዓይነት አለ። ይህ ስንዴ ብርዱ ካለፈ በኋላ ቢዘራ ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ በጊዜው አያሸትም። ለማሸት አስቀድሞ ብዙ ሳምንት በብርድ ውስጥ መቆየት አለበት። ጉስታፍ ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን በሙከራ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1918 ጽፎታል። በእኛም አገር ፖም የጨንቻን ደጋ የሚወደው እንቡጡ ለመንቃት ብርድ ስለሚያሻው ነው።

እንግዴህ ተክል ብርዱን በምን ይቈጥራል? ሊቃውንት የሰናፍጭ ዘመድ በሆነች፣ አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ ሲመራመሩ፣ አበባን የሚከለክል አንድ ዘረ መል አገኙ። ይህ ከልካይ በበር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው። ብርዱ በሰነበተ ቍጥር በአንዱ ሕዋስ፣ ቀጥሎም በሌላው ዝም እያለ ይሄዳል። የአንድ ሌሊት ውርጭ አይበቃውም። በመካከል አንድ ሞቃት ቀን ቢመጣም ተክሊቱ የበጋ ወራት ደረሰ ብላ አትታለልም፤ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያለጊዜው ያበበ ሁሉ በውርጭ ይረግፋልና። ብርዱ ካለፈ በኋላ ግን ዝም ያለው ከልካይ ዝም እንዳለ ይቆያል። ተክሊቱ ያሳለፈችውን ታስታውሳለች ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። አዲሱ ዘር በሚፈጠርበት ጊዜ ከልካዩ እንደገና ይነሣል። እናቲቱ ያየችው ብርድ ለልጂቱ አይቈጠርላትም። የስንዴው ዘረ መል ሌላ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው፤ ከበረዶ ሥር የወጣው ስንዴ ፍሬ ተመልሶ ሲዘራ፣ እርሱም በተራው የራሱን ብርድ ማየት አለበት።

ይህን እውነት ያልተቀበለ ሰው ነበረ። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የሶቪየት ሰው፣ ስንዴ በብርድ ያገኘው ጠባይ ለልጅ ልጅ ይወረሳል ብሎ አስተማረ። ነገሩ አቋራጭ መንገድ መስሎ ስለ ታየ ስታሊንን ደስ አሰኘ። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴ ዘር የሰበሰበው ታላቁ ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ግን ትምህርቱን ተቃወመ። በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሞተ። ሊሴንኮ እስከ 1965 ድረስ በሹመት ላይ ቆየ፤ ስንዴው ግን ለሹመት አልታዘዘም።

የሰውም ብስለት እንዲሁ ነው። ርስት ይወረሳል፤ ስም ይወረሳል፤ ትዕግሥትና ማስተዋል ግን አይወረሱም። «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» የተባለው ስለዚህ ነው። በመምህርነት ዘመኔ በአባቱ ዲፕሎማ ማንበብ የቻለ ተማሪ አላየሁም፤ የሊቁም ልጅ የመሃይሙም ልጅ ከሀሁ ይጀምራል።

«እንግዲያውስ አባት ልጁን ሆን ብሎ ያስርበውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ብርድ ከልኩ ሲያልፍ ስንዴውን ራሱን ይገድለዋል። ብርድ ምግብ አይደለም፤ መከራም ስለ መከራነቱ አይመሰገንም። እናት ተክል ለዘርዋ በቅንጣቲቱ ውስጥ ስንቅ ትቋጥርላታለች፤ ብርዱን የምትቈጥርበትንም ችሎታ ትሰጣታለች፤ ቈጠራውን ግን አትቈጥርላትም። የመልካም አባትም ሥራ ይህ ነው። ልጁን ያብላው፣ ያልብሰው፣ ያስተምረው፤ የቤት ሥራውን ግን አይሥራለት፤ ልጁ ያጠፋውንም ጥፋት በገንዘብ አይሸፍንለት።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ስንዴ የተዘራበትን መሬት ትቶ አይሸሽም፤ አንተ ግን ከብርድህ ለመሸሽ እግርም ምክንያትም አለህ። ስለዚህ ስንዴው በግድ የሚያደርገውን አንተ በፈቃድህ ብታደርገው ምስጋናው ያንተ ነው። አባትህ ስላሳለፈው ችግር ሲነግርህ በአክብሮት ስማው። ከዚያ በኋላ ግን «እኔስ የራሴን ስንት ሳምንት ቈጠርሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።